ለጉዞም ለመድረክም የሚሆን ከበሮ፦ የቱን ልያዝ፣ ምኑንስ ላሻሽል?

የጣና ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ላይ አራት ሆነን የምንሠራ የባህል ቡድን ነን፤ ማሲንቆ፣ ክራር፣ አንዲት ድምፃዊትና ከበሮ። ሥራችን ማታ ማታ ሐይቁ ዳር ባሉ ሆቴሎች፣ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ሠርግ፣ አልፎ አልፎ በጀልባ ዘጌና ጎርጎራ፣ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ደግሞ አዲስ አበባ ነው።

ያለን ከበሮ የዋንዛ ነው። ሰፊው አፉ 42 ሴንቲ፣ ጠባቡ 28፣ ቁመቱ 65፣ ክብደቱ 9 ኪሎ። በጠፍር የተወጠረ ነው። ችግሩ ሦስት ነው፦ ባጃጅ ውስጥ ከሰው ጋር አይገባም፤ ክረምት ላይ ቆዳው ይረግብና ሁለተኛው ዘፈን ላይ ድምፁ ይሞታል፤ በማይክ ሲወጣ ደግሞ ሰፊው አፍ ወይ ይጮኻል ወይ ጭራሽ አይሰማም።

ጥያቄዬ፦ አነስ ያለ ከበሮ ላሠራ? ወይስ ጀምቤ (ባለ አንድ ቆዳው የምዕራብ አፍሪካ ከበሮ) ወይም ካሆን (ተቀምጠውበት የሚመቱት የእንጨት ሳጥን) ይሻላል? ከበሮ ከሆነ በምን ልክ ይሠራ? ቆዳ ይሁን ፕላስቲክ? በሥራ መሐል ማጥበቅና ማላላት የሚቻልበት መንገድ አለ? የምታውቁትን በልክ በልኩ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።


ጠፍር

ከበሮውን በሌላ ለመተካት አትቸኩል። እስክስታ የሚያስወርደው የሁለቱ አፎች ምልልስ ነው፤ ሰፊው ወፍራሙን ይላል፣ ጠባቡ በቀጭኑ ይመልሳል። ጀምቤ ሁለቱንም የሚያወጣው ከአንድ ቆዳ ነው፤ መሐሉን ስትመታ ጎርነን፣ ጠርዙን ስትመታ ቀጠን ይላል። መልካም መሣሪያ ነው፣ ነገር ግን ችክችካን ከበሮ ላይ የለመደ እጅ ጀምቤ ላይ እንደ አዲስ መማር አለበት። ደግሞም መቺው ከዘፋኟ ጋር እየተንቀሳቀሰ የሚመታ ከሆነ በማንገቻ የሚንጠለጠል ከበሮን የሚያህል የለም።

መጠኑን ግን አሳንስ። ሰፊው አፍ ከውጭ እስከ ውጭ 30 ሴንቲ፣ ጠባቡ 20፣ ቁመቱ 44 ይሁን። ግድግዳው 12 ሚሊ፣ አፉ ዙሪያ ብቻ 15 ሚሊ። በደረቅ ዋንዛ ከተሠራ ከነቆዳው፣ ቆዳውን ከሚወጥረው የብረት ቀለበትና ከነገመዱ 4 ኪሎ ገደማ ይመጣል፤ ባጃጅ ውስጥ ጭን ላይ ይቀመጣል። ሰፊውን አፍ ከ30 በታች አታውርደው፤ ከዚያ ካነሰ ወፍራሙ ድምፅ ይቀርና ሁለት ቀጫጭን ድምፅ ይዘህ ትቀራለህ።

30 እና 20 ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። የዘመናዊ ድራም ባለ 12 ኢንችና ባለ 8 ኢንች የቶም (የመካከለኛው ከበሮ) ፕላስቲክ በእነዚህ ልኮች ላይ ይገባል። እንጨቱ አንዴ በዚህ ልክ ከተሠራ በጋ ላይ ቆዳ፣ ክረምት ላይ ፕላስቲክ ማልበስ ትችላለህ። አናጢው ወይም ቶርኖ ቤቱ አንድ ነገር እንዳይረሳ አደራ በለው፦ ጠባቡ አፍ ጋ የመጨረሻዋ 5 ሴንቲ እየሰፋች የምትሄድ ሳትሆን ቀጥ ያለች ትሁን። ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግርሃለሁ፤ ይህን ሳያውቁ አሠርተው ብረቱ አልወርድ ያላቸው ብዙ ናቸው።

የተሠራ የምትገዛ ከሆነ ጌጡን ተወውና መወጠሪያውን እይ። ከዚያ አፉን በሜትር በሁለት አቅጣጫ፣ በመስቀል ለካው። ልዩነቱ ከ4 ሚሊ ከበለጠ እንጨቱ ሳይደርቅ ተቦርቡሮ ሲደርቅ ተጣምሟል ማለት ነው፤ ክብ ቀለበት አይቀመጥበትም። ጎኑን በጣትህ አንጓ ዙሪያውን አንኳኳ፤ አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ከደፈነ እዚያ ጋ ስንጥቅ አለ፣ ወይም በሰጋቱራና በኮላ ተሞልቷል። ቆዳውን ወደ ብርሃን አዙረህ ተመልከት። ሲገፈፍ ቢላ የነካው ቦታ እንደ ክር ቀጭን መስመር ሆኖ ይታያል፤ የሚቀደደውም በዚያው ነው። የእንስሳው የጀርባ መስመር በአፉ መሐል ለመሐል ካላለፈ አንዱ ወገን ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ይሆንና ቃናው አይገጥምም።

ከቆርቆሮ የተሠራም ታገኛለህ። ቀላል ነው፣ ዝናብ አይፈራም፤ ድምፁ ግን ይንጫረራል፣ ከማሲንቆው ጋር ይጋጫል። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ተውሶ ለመድረክ መውሰድን ደግሞ ማንም እንዳያስበው፤ ንዋየ ቅድሳት ነው።


ሳጥን መቺ

ጠፍር የጻፈው ለሠርግ ልክ ነው። ለሆቴሉ ግን ሌላ መንገድም አለ። ክረምት ላይ ሐይቁ ዳር፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ ቆዳ ማንንም አይሰማም። ቆዳ ከአየሩ ውኃ ይጠጣል፣ ሲጠጣ ይለጠጣል፣ ሲለጠጥ ይረግባል። አጥብቀኸው ብትወጣም በሰዓት ውስጥ ይወርዳል። ሰዎች እሳት ዳር ያሞቁታል፤ ለአሥር ደቂቃ ይነሣና ተመልሶ ይወድቃል። ደጋግመህ ባሞቅኸው ቁጥር ጠርዙ ላይ እየደረቀ ይሰነጠቃል።

ካሆን የተባለው የፔሩ ሳጥን ቆዳ የለውም። የተለመደው ልኩ 30 በ30፣ ቁመቱ 48 ሴንቲ ነው። ጎኖቹን ከባለ 12 ሚሊ ፕላይውድ፣ የሚመታውን ፊት ከባለ 3 ሚሊ ፕላይውድ አሠራ፤ ከኋላው 11 ወይም 12 ሴንቲ ክብ ቀዳዳ ይኑረው። ኤምዲኤፍ ላቅርብልህ ካሉህ እምቢ በል፤ እርጥበት ሲያገኘው እንደ ዳቦ ያብጣል። የፊቱን ሰሌዳ ዙሪያውን በኮላ አታጣብቀው፣ በብሎን ብቻ ይያዝ። ከዚያ ላይኛዎቹን ሁለት የማዕዘን ብሎኖች ግማሽ ዙር አላላቸው፤ ጠርዙን በጣትህ ስትመታው «ጣ» የሚለው ድምፅ ከዚያች ክፍተት ነው የሚወጣው። ውስጡ የሚገጠመው የስናር ሽቦ ለስፔን ሙዚቃ እንጂ ለእናንተ አይሆንም፤ ከማሲንቆው በላይ ይንጫጫል፣ አውጡት።

ጉድለቱን ልደብቅ አልፈልግም፦ ካሆን ላይ ቁጭ ብለህ ነው የምትመታው። ሠርግ ላይ ሙሽራ ስታጅቡ ምንም አይጠቅምም።

ስለ ፕላስቲክ፦ ለእጅ የሚሆነው ነጠላ፣ ባለ 10 ሚል የሚባለው ነው፤ ሩብ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው። ገጹ ሻካራ ነጭ ቀለም የተቀባውን ምረጥ፤ ብርጭቆ የሚመስለው ልሙጡ እጅ ያንሸራትታል፣ ድምፁም ይወጋል። ሬሞም ሆነ ሌላ ፋብሪካ ይሁን፣ ዋናው ልኩና ውፍረቱ ነው። ሁለቱንም አፍ በፕላስቲክ ካለበስክ ጎኑ ላይ 8 ሚሊ የአየር ቀዳዳ ብሳ፤ አለዚያ አየሩ ታፍኖ አመታቱ ግንብ የመምታት ያህል ይሆናል። ድምፁ ሲበዛብህ ከጠርዙ 4 ሴንቲ ገባ ብለህ 3 በ8 ሴንቲ የጨርቅ ፕላስተር ለጥፍበት። መሐሉ ላይ አትለጥፍ፤ ወፍራሙን ይገድለዋል።


ሚክሰር ዳር

የድምፁን ነገር ልመልስ። «ወይ ይጮኻል ወይ አይሰማም» ያልከው አንድ በሽታ ነው። ትልቅ ቆዳ ራሱ እንደ ትልቅ ጆሮ ነው፤ ሞኒተሩ (ወደ ተጫዋቾቹ የዞረው ስፒከር) ሲያንቀጠቅጠው ማይኩ ያንኑ መልሶ ይወስዳል፣ መጮኽ ይጀምራል። ያን ፈርቶ የድምፅ ባለሙያው ሲቀንሰው ይጠፋል።

እንዲህ አድርጉ። ሁለት ተራ ዳይናሚክ ማይክ፣ የሹር ኤስኤም 57 ዓይነት፣ ይበቃል። የሰፊው አፍ ማይክ ከቆዳው ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ይራቅ፤ ከጠርዙ ወደ ውስጥ አንድ ሦስተኛውን ገብቶ ወደ መሐል ይመልከት። የጠባቡ 10 ሴንቲ ቢርቅ አይጎዳም። ሞኒተሩ ከማይኩ ጀርባ ይቀመጥ፤ እነዚህ ማይኮች ከጀርባቸው የሚመጣውን ብዙ አይሰሙም።

አሁን ብዙዎች የሚረሱት፦ ሰፊውን አፍ ስትመታ ያኛው ቆዳ ወደ ውስጥ ይሄዳል፣ አየሩ ደግሞ ጠባቡን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ሁለቱ ማይኮች አንድን ምት ተቃራኒ አድርገው ይሰሙትና ሚክሰሩ ውስጥ እርስ በርስ ይበላላሉ። ወፍራሙ ድምፅ «የጠፋው» እዚያ ሊሆን ይችላል። ከሁለቱ በአንደኛው ቻናል ላይ ፌዝ (phase፣ የድምፅ ሞገዱን አቅጣጫ) የሚገለብጠውን ቁልፍ (ክብ ላይ ሰያፍ መስመር ያለበት ምልክት ነው) ተጫኑ። ሰፊውን እየመታችሁ ቁልፉን አብሩና አጥፉ፤ ድምፁ የሚወፍርበት ነው ትክክሉ። ሚክሰሩ ቁልፉ ከሌለው ባለሙያው የአንዱን ማይክ ገመድ 2ና 3 ቁጥር ፒን አቀያይሮ ይበይድላችሁ፤ ገመዱ ላይ ቀይ ፕላስተር ይለጠፍበትና ለሌላ ሥራ አይዋል።

ኢኩዌላይዘሩ (የወፍራምና የቀጭን ድምፅ ማስተካከያው) ላይ ለሰፊው ከ70 ኸርዝ በታች ቁረጡ፣ 300 አካባቢ 3 ወይም 4 ዲሲቤል ቀንሱ፤ ባዶ በርሜል የሚመስለው ድምፅ እዚያ ነው ያለው። ለጠባቡ ከ120 በታች ይቆረጥ፤ የጣቱ ምት እንዲለይ ከፈለጋችሁ 3 ሺህ ኸርዝ ላይ ትንሽ ጨምሩ። ያላችሁ አንድ ማይክ ብቻ ከሆነ ለሰፊው ስጡት። ቀጭኑ ራሱን ችሎ አዳራሹን ይሻገራል።

ከበሮው ከመቺው ጋር የሚንቀሳቀስ ከሆነ የማይክ ማቆሚያ አይሠራም። ቀለበቱ ላይ ወይም ገመዱ ላይ የሚቆነጠጥ ትንሽ ማይክ ያስፈልጋል፤ አብዛኞቹ ከሚክሰሩ በገመዱ የሚላክ ባለ 48 ቮልት ኃይል (ፋንተም) ስለሚፈልጉ ሆቴሉን ቀድማችሁ ጠይቁ። የማይኩን ገመድ ከማንገቻው ጋር በፕላስተር እሰሩት፤ ልብስ ሲነካው የሚያንኳኳው እሱ ነው።

አንድ የመጨረሻ፦ ከበሮው ፕሮግራሙ ከመጀመሩ 30 ደቂቃ በፊት ከሻንጣው ወጥቶ መድረኩን ይልመድ። ሳውንድ ቼክ 10 ሰዓት ላይ በፀሐይ ተደርጎ ሥራው ማታ 2 ሰዓት ከሆነ ቃናው ሌላ ነው፤ ከመውጣታችሁ በፊት እንደገና ማስተካከል የግድ ነው።


መንገደኛ

መንገዱን ለእኔ ተዉት። ቆዳ ከዝናብ ይልቅ ድንገት የሚለዋወጥ አየር ነው የሚቀደው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ውኃ ዳር ናት። በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ደጋውን አቋርጣችሁ ዓባይ በረሃ ትወርዳላችሁ። ባሕር ዳር እርጥበት ላይ እያለ አጥብቃችሁ የወጠራችሁት ቆዳ በረሃው ውስጥ ጣሪያ ላይ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ መሄጃ የለውም፣ «ጧ» ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት አላሉት። ምን ያህል ለሚለው፦ መሐሉን በአውራ ጣት ስትጫኑት 1 ሴንቲ ያህል ዝቅ እስኪል። ጨርሶ አታላሉት፤ ቀለበቱ ቦታውን ይለቃል። ጣሪያ ላይም አይጫን።

ሻንጣውን እዚሁ ልብስ ሰፊ ጋ ማሠራት ይቻላል። ውጭው የድንኳን ሸራ፣ መሐሉ ባለ 2 ሴንቲ ስፖንጅ፣ ውስጡ ጥጥ ጨርቅ። ለ30 በ44ቱ ከበሮ የውስጡ ልክ ስፋቱ 36፣ ቁመቱ 48 ይሁን፤ ቀለበቱና ገመዱ ከእንጨቱ ውጭ ስለሚወጡ ጠበብ አታድርጉት። ሁለቱ አፎች ላይ ባለ 6 ሚሊ ፕላይውድ ክብ ክዳን ስፖንጁ ውስጥ ይሰፋ፤ ሌላ ሻንጣ ቢጫንበት ቆዳውን የሚያድነው እሱ ነው። የዚፑ አፍ ላይ 5 ሴንቲ መደረቢያ ይኑረው። ጫማ ሳጥን ውስጥ የምታገኟቸውን የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ሰብስባችሁ ጨምሩ። ሩዝ የሚጨምሩ አሉ፤ የሚጠጣው እርጥበት እጅግ ትንሽ ነው፣ ትል ማራቢያ ይሆናል።

ዘጌም ጎርጎራም ስትሄዱ ጠዋት ተነሡ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ማዕበሉ ጀልባው ውስጥ ይረጫል። ከሻንጣው ውጭ ወፍራም የፕላስቲክ ከረጢት፣ አፉ ሁለት ጊዜ ታጥፎ ይታሰር። ሲደርሱ ወዲያው ከረጢቱን ግለጡት፤ ፀሐይ ላይ ተዘግቶ ከቆየ ውስጡ ያልበዋል። የደንገል ሳጥን ያማረ ነው፣ ግን ደንገል ራሱ ውኃ ይጠጣል፤ ለማስዋቢያ እንጂ ለመከላከያ አይሆንም።

በአውሮፕላን፦ በአገር ውስጥ በረራ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ኪው 400 የተባለው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ነው፤ ከራስ በላይ ያለው መደርደሪያ ጠባብ ስለሆነ ይህ ከበሮ አይገባም። ለጭነት እንደሚሄድ አስባችሁ አዘጋጁት።

ወደ ውጭ አገር ጥሪ ቢመጣ ሌላ ጉዳይ አለ። ያልተለፋ ቆዳ በብዙ አገር ድንበር ላይ ይጠየቃል፤ አውስትራሊያ ከቆዳ የተሠራ ከበሮ ይዞ የገባ ሁሉ ማስመዝገብ አለበት። ምክንያት አላቸው። በ2006 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ከበሮ ሠሪ ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ ጥሬ ቆዳ ሲያዘጋጅ በአባ ሰንጋ ታሟል፤ ደረቁ ቆዳ ሲፋቅ ብናኙን ተንፍሶት ነው። ለዚህ ዓይነት ጉዞ ፕላስቲክ የለበሰው ይሂድ። እዚህም ቢሆን ቆዳ የምትፍቁ ሰዎች፣ በደረቁ አትፋቁ። አርጥቡት፣ አፍና አፍንጫ ሸፍኑ፣ ቆዳውንም ምርመራ ካለበት ቄራ ግዙ።


የጣና ልጅ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ፌዙን ዛሬውኑ እንሞክራለን። ከበሮ ለማሠራት ወስኛለሁ፣ 30 በ20 በ44።

ጋሼ ጠፍር፣ ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። የመወጠሪያውን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቢነግሩኝ፣ በያጁንና አናጢውን ራሴ ቆሜ ላሠራ ነው። ሁለተኛ፣ ትልቁን አሮጌውን ከበሮ አልጥለውም፤ ጠፍሩን ሳልፈታ ትንሽ የማጠንከሪያ ዘዴ ካለ?


ጠፍር

እሺ ልጄ፣ ከብረቱ እንጀምር።

ጠፍር ሲለበስ ቆዳው ራሱ ዙሪያውን ተበስቶ በቀዳዳው ይሳባል። ያ ቀዳዳ ከደረቀ በኋላ ዳግም ብትስበው ይተረተራል። ስለዚህ ቆዳው ቀለበት ላይ ተጠቅልሎ፣ ገመዱ ቆዳውን ሳይነካ ቀለበቱን ይሳብ። ለእያንዳንዱ አፍ ሁለት ሁለት ቀለበት ያስፈልጋል፤ አንዱ ቆዳው የሚጠቀለልበት፣ ሌላው ከላይ ተቀምጦ የሚጫነው።

ብረቱ ባለ 6 ሚሊ ለስላሳ ብረት ይሁን፣ 4 ሜትር ይበቃል። ጥርስ ያለው ፌሮ አይሁን፤ ጥርሱ ቆዳውን ይበላዋል። የውስጥ ስፋታቸው፦ ለሰፊው አፍ የቆዳው ቀለበት 30.8 ሴንቲ፣ የመጫኛው 31.3። ለጠባቡ 20.8 እና 21.3። በያጁ ቀለበቱን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ይበይድ፤ ከተንጋደደ ቆዳው በአንድ ጎን ይወጠራል። የብየዳው እብጠት በግራይንደር ይላግ። ከዚያ ጸረ ዝገት ቀለም ሁለት ጊዜ ቀብተህ በቀጭን የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው፤ እርጥብ ቆዳ ባዶ ብረት ሲነካ ዝገቱ ቆዳውን ያበሰብሰዋል።

አሁን ያቺ ቀጥ ያለች 5 ሴንቲ። ሰፊው አፍ ላይ ቀለበቱ ወደ ታች ሲሳብ እንጨቱ እየጠበበ ስለሚሄድ በነፃነት ይወርዳል። ጠባቡ አፍ ላይ ግን ተቃራኒው ነው፦ ቀለበቱ ወደ መሐል ሲሳብ እንጨቱ እየሰፋ ይመጣበትና ሽብልቅ እንደገባበት ይነክሳል። በዚህ ልክ በተሠራ ከበሮ ቀለበቱ 4 ሴንቲ ሲወርድ እንጨቱ 9 ሚሊ ያህል ይሰፋል፤ የተውክለት ክፍተት ደግሞ 8 ሚሊ ብቻ ነው፣ እሱም የቆዳውን ውፍረት ጨምሮ። የተሠራ ገዝተህ ይህ ቀጥታ ከሌለው ለጠባቡ አፍ ብቻ ቀለበቶቹን በ1 ሴንቲ አስፋቸው።

የአፉን ጠርዝ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ደፍተህ ውስጡ የስልክ መብራት አብራ። ብርሃን የሚያሾልክበት ቦታ ጎድጓዳ ነው፤ ዙሪያው እስኪገጥም በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት እሸው። ከዚያ ጠርዙን በ120 ቁጥር አድቦልቡለው። ስለት ያለው ጠርዝ ቆዳ ይቆርጣል፣ በጣም ዱልዱም የሆነው ደግሞ ድምፅ ያደፍናል። እንደ እርሳስ ጀርባ የደበለበለ ይሁን። ሲያልቅ ሰም ቀባው፤ ቆዳው ሲሳብ ይንሸራተትበታል።

ቆዳ፦ ለሰፊው የጥጃ፣ ከ1.2 እስከ 1.5 ሚሊ። ለጠባቡ የፍየል። ሁለቱም ጥሬ እንጂ የለፋ አይሁን፤ የለፋ ቆዳ ይለሰልሳል እንጂ አይወጠርም። ለሰፊው 50 ሴንቲ፣ ለጠባቡ 40 ሴንቲ ክብ ቁረጥ። የጥጃውን 24 ሰዓት፣ የፍየሉን አንድ ሌሊት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አሳድር። ለማፍጠን ብሎ ሙቅ ውኃ የሚጠቀም አለ፤ ጥሬ ቆዳ 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ተኮማትሮ እንደ ሙጫ ይሆናል፣ ከዚያ ወዲያ ለከበሮ አይሆንም።

ገመዱ ባለ 5 ሚሊ ፖሊስተር፣ 20 ሜትር። ናይለን አይሁን፤ ናይለን እየተለጠጠ ሌሊቱን ሙሉ ይላላል። ሲገዙት ይመሳሰላሉና አንድ ሜትር ያህል በሁለት እጅህ ሳበው፤ እንደ ላስቲክ የሚሰጥህን ተወው። መጫኛ ቀለበቶቹ ላይ ደግሞ ባለ 4 ሚሊ ገመድ 16 16 ማቀፊያ ሥራ፣ ለሁለቱ 6 ሜትር ይፈጃል። ማቀፊያዎቹ እኩል ይራራቁ፤ ሰፊው ላይ 6 ሴንቲ፣ ጠባቡ ላይ 4 ሴንቲ ገደማ።

እርጥቡን ቆዳ አፉ ላይ አንጥፍ፣ የጀርባውን መስመር መሐል አድርግ። የቆዳውን ቀለበት ከላይ አውርድበት፣ የቆዳውን ጫፍ በቀለበቱ ላይ ወደ ላይ እጠፈው፣ መጫኛውን ቀለበት ከላይ አስቀምጥ። በሌላውም አፍ እንዲሁ። ገመዱን ከሰፊው ወደ ጠባቡ፣ ከጠባቡ ወደ ሰፊው በሰያፍ እያመላለስክ በማቀፊያዎቹ አስገባ። እግረ መንገድህን ጠባቡ አፍ ጋ ገመዱ በሚታጠፍባት በእያንዳንዷ ማዕዘን አንድ አንድ ቀለበት ከለፋ ወፍራም ቆዳ አጥልቅ። ሁለት ተኩል ሴንቲ ስፋት ያለው፣ ሁለቱን ገመዶች አቅፎ የሚይዝ፣ በአጠቃላይ 16። በሥራ መሐል የሚያጠብቅልህ ይህ ነው። ማዕዘኑ ጋ ወደ ጠባቡ አፍ ተጠግቶ ሲቀመጥ ገመዱ ይላላል፤ ወደ ከበሮው ወገብ ስትስበው ሁለቱን ገመዶች ያቀራርባቸውና ይወጥራል። ለመንገድ ስትወጣ ሁሉንም ወደ ማዕዘናቸው መልሳቸው፣ መድረክ ላይ ወደ ወገብ ሳባቸው። መፍቻ አይፈልግም፣ ደቂቃ አይፈጅም።

እርጥቡ ላይ በእጅህ ጉልበት ብቻ ሁለት ዙር ሳብ፤ ቀለበቱ ከአፉ 2 ሴንቲ ዝቅ ብሎ ይቁም። ትርፉን ቆዳ ቁረጥ። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ በበጋ 5 ቀን፣ በክረምት ከሳምንት በላይ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ፊቱ ቀድሞ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ ይጣመማል። ከደረቀ በኋላ 40 ሴንቲ ዱላ ላይ ገመዱን ጠቅልለህ፣ ከበሮውን በእግርህ ደግፈህ ሳብ። በአንድ ቀን አትጨርሰው፤ ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አንድ ዙር። እንጨት ሲጮኽ ከሰማህ ቁም። ቀለበቱ 4 ሴንቲ ላይ ሲደርስ በቃው። በእያንዳንዱ ማቀፊያ ፊት ለፊት፣ ከጠርዙ 3 ሴንቲ ገባ ብለህ በጣትህ እያንኳኳህ አዳምጥ፤ ዝቅ ያለ ቃና የሰጠህ ጋ ያለውን፣ ገመዶቹን ያቀፈውን ቀለበት ወደ ወገብ ሳብ።

አንድ የምታጣው ነገር አለ። ገመዱ ሁለቱን አፎች አንድ ላይ ስለሚስብ አንዱን ብቻ ማጥበቅ አትችልም። በሁለቱ መሐል ያለውን የቃና ርቀት የምትወስነው በቆዳው ውፍረት ነው፤ ለጠባቡ ወፍራም ፍየል ካለበስክ በኋላ አታስተካክለውም።

ማንገቻው 5 ሴንቲ ስፋት ይኑረው፤ ከገመዱ ጋር አይታሰር፣ ከሁለቱ መጫኛ ቀለበቶች ላይ ይያያዝ። ገመዱ ላይ ከታሰረ መቺው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቃናው ይዋልላል።

ትልቁን አሮጌውን በተመለከተ፦ የህንዶቹ ታብላ በጠፍሩ ሥር ስምንት ድቡልቡል እንጨት አለው፣ በመዶሻ እየተገፋ ያጠብቀዋል። ለአንተም ይሠራል። ከወይራ 8 ሽብልቅ ጥረብ፣ ርዝመታቸው 7 ሴንቲ፣ ውፍረታቸው ከ1 ሴንቲ ጀምሮ እስከ 2 ሴንቲ ተኩል፣ ጠርዛቸው በብርጭቆ ወረቀት የለሰለሰ። ቀጭኑን ጫፍ ወደ ሰፊው አፍ አዙረህ በጠፍሩና በእንጨቱ መሐል አስገባ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩትን ሁለት ሁለቱን እያፈራረቅህ በእንጨት መዶሻ ቀስ ብለህ ግፋ። ከፕሮግራሙ በኋላ ስምንቱንም አውጣቸው። ከነሽብልቁ ካደረ ጠፍሩ ይለጠጥና በማግስቱ ስምንቱ አይበቁህም።